ሰማንያ በቀን ሦስቴ

በኮሶ ሜዳ ሆስፒታል የወንዶች ክፍል ውስጥ የሚያስጠላው ሽታው አይደለም። ሽታስ ይለመዳል፤ በረኪናውም፣ የሽንት ከረጢቱም፣ አስታማሚ ከየቤቱ ይዞት የሚመጣው የምሳ ዕቃ ክዳኑ ሲነሳ የሚወጣውም እንፋሎት ተደባልቆ ሰነባብቶ አፍንጫ ይረሳዋል። የማይለመደው የጠዋቱ ዙር ነው። ሐኪም ከፊት፣ ነርሶች ከኋላ፣ ሁሉም እንደ ሰርገኛ ተሰልፎ ከአልጋ አልጋ ሲዘዋወር፣ ከፊት ያለው ሲስቅ እየሳቀ፣ ከፊት ያለው ሲቆጣ እየተቆጣ። እፀገነት ይህን ለመልመድ ብዙ ሞክራለች። እስከ ዛሬ አልሆነላትም።

እፀገነት የመድኃኒት ባለሙያ ናት፤ የመካነ ሰላም ልጅ፣ ቀጭን፣ ስትናደድ የምትንተባተብ። ከዙሩ ጋር እንድትዞር የተደረገው በቅርብ ነው። መድኃኒቱ በሽተኛው ክንድ ውስጥ ከመግባቱ በፊት መጠኑ ልክ መሆኑን የሚያይ ሌላ ዓይን ይኑር ተብሎ ከላይ መመሪያ ወረደ። መመሪያ ሲወርድ እንደሚሆነው ሁሉ፣ ተጨበጨበ፣ ፎቶ ተነሳ፣ ከዚያ እሷ የሰልፉ ጅራት ላይ ተቀጠለች። ጅራት ደግሞ ዝንብ ከማባረር ሌላ ሥራ የለውም።

የሰልፉ ራስ ዶክተር ወንድማገኘሁ ነበር። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ። ክፉ አይደለም። በምጥ የተያዘች ሴት ከወረኢሉ በኩል በአህያ ጋሪ ስትመጣ ከእንቅልፉ ተነስቶ የሚሮጥ፣ ከተማው የሚወደው፣ ገበያ ሲወጣ ገበሬው ባርኔጣውን የሚያወልቅለት ሐኪም ነው። ታዲያ ሰው ሁሉ ባርኔጣ ሲያወልቅልህ ራስህ ቀስ እያለ ያብጣል። ዶክተርም አበጠ። ትኩሳት ያለበት ሰው በተኛ ቁጥር እንደ ጸሎት የሚደግማት አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረችው፦ «ጄንታማይሲን ሰማንያ፣ በቀን ሦስቴ።» ለወፍራሙም ሰማንያ ሚሊግራም፣ ለከሲታውም ሰማንያ፤ ለጎረምሳውም ሦስቴ፣ ለምርኩዘኛውም ሦስቴ። ነርሶቹ ገና አፉን ሲከፍት ይጽፉት ነበር።

መድኃኒቱ መጥፎ አይደለም፤ ጀርም የሚገድል መርፌ ነው፣ ስንቱን ከሞት መልሷል። ግን ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት ብቻ ነው። ኩላሊቱ የደከመ ሰው በየዕለቱ እንደ ጤነኛው ሲወጋው፣ አሮጌው ሳይወጣ አዲሱ እየተጨመረ፣ ቦዩ እንደተዘጋ መስኖ ይጠራቀማል። ሲጠራቀም ደግሞ መጀመሪያ የቀረችውን ኩላሊት፣ ቀጥሎ ጆሮን ይገድላል። የሞተ ጆሮ አይነሳም። ይህን እፀገነት ታውቃለች፣ ዶክተርም ያውቃል፣ ትምህርት ቤት ተምረው ተፈትነውበታል። እያወቁ መሳት የሚሉት ይህን ነው።

በመስኮቱ በኩል ያለው አልጋ ላይ መሪጌታ ዘማርያም ተኝተዋል። የከተማው መድኃኔ ዓለም የዜማ መምህር ናቸው፤ በአካባቢው ካሉት ደብሮች ውስጥ እሳቸው ያላስተማሩት አገልጋይ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ሽንታቸው ታግዶ፣ ትኩሳት ተነስቶባቸው፣ ተማሪዎቻቸው በወሳንሳ ተሸክመው አመጧቸው። ቀጭን ሽማግሌ ናቸው፤ አልጋቸው ላይ ከሰውየው ይልቅ የሚታየው ጋቢው ነው። ጆሯቸው ግን ጉድ ነው። ነርሷ ፈርሂያ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ሳለች በእርምጃዋ ይለዩዋታል፤ «ፈርሂያ፣ ዛሬ ግራ እግርሽን ጫማው ነክሶሻል» ይሏታል፤ እሷም «ወላሂ አባባ፣ አንቱ ጋ ሐሜትም አይቻል» ብላ ትስቃለች።

ሲተኙ ላቦራቶሪው የኩላሊት መመርመሪያ ኬሚካል አልቆበት ነበር። ስለዚህ ሳይመረመሩ ተጀመረላቸው፤ ሰማንያ በቀን ሦስቴ። ኬሚካሉ ከደሴ የመጣው ሐሙስ ነው። ውጤቱ ዓርብ ጠዋት ሲወጣ የመሪጌታ ኩላሊት ከሩብ ብዙ የማትበልጥ አቅም ቀርቷት ተገኘች።

እፀገነት የውጤቱን ወረቀት ያዘች። ዙሩ መስኮቱ ጋ ሲደርስ ከጅራቱ ተነጥላ ወደ ፊት መጣች።

«ዶክተር፣ የመሪጌታ የኩላሊት ውጤት…»

«አይቼዋለሁ» አለ፣ ወደሚቀጥለው አልጋ እያየ። «ሽማግሌ ናቸው። የሽማግሌ ኩላሊት እንዲህ ነው። ትኩሳታቸው ወርዷል፣ መድኃኒቱ ሠርቷል። የሠራ ነገር አይነካም።»

«በሴፍትሪያክሶን ብንቀይረውስ? እሱ ከኩላሊት ጋር ያን ያህል ጉዳይ የለውም። ጄንታማይሲኑ ግን ጆሯቸውን…»

ዶክተር ፈገግ አለ። ያ ፈገግታው ነው ነገሩን ያበላሸው፤ ቢቆጣት ትመልስለት ነበር።

«እፀገነት፣ የመድኃኒት ቤቱ ቆጠራ አለቀ እንዴ?»

ሰልፉ ሳቀ። እፀገነትም ሳቀች። ሳትወድ፣ ሳታስብ፣ ከሰው ላለመለየት ጥርሷን አሳየች። የገዛ ሳቋን ስትሰማ ጥርሷን ገጠመች፤ ግን ሳቁ ወጥቶ ነበር፣ ሰልፉም አልፎ ነበር። መሪጌታ ትራሳቸው ላይ ሆነው አንዱንም ቃል አልሳቱም፤ ትርጉሙን ግን ለሐኪም ትተው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

በሰው ፊት ስለሆነ ነው አለች ለራሷ። ለብቻው ስነግረው ይሰማኛል። ትልቅ ሰው በሰው ፊት አይታረምም። እንዲህ ብለው ነው ያሳደጓት፤ እናቷም፣ መምህሮቿም፣ ኮሌጁም።

ከቀትር በኋላ ቢሮው ስትሄድ ተቆልፏል። ዶክተር ወደ ደሴ ሄዷል፤ ስልጠና አለው። የምን ስልጠና ብላ ጸሐፊዋን ብትጠይቃት፣ ጸሐፊዋ ጥፍሯን እየሞረደች «የአንቲባዮቲክ ትክክለኛ አጠቃቀም» አለቻት። እፀገነት በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ይህን ቀልድ ነው እንዳትል ጸሐፊዋ አልሳቀችም። አበል ያለው ስልጠና ነው፤ አበል ባለው ነገር ደግሞ ማን ይስቃል!

ደወለች፤ መንገድ ላይ ነው፣ አይገኝም። መልእክት ላከችለት፤ አክብራ፣ ለስልሳ፣ ሦስት ጊዜ «ይቅርታ» የሚል ቃል ጨምራ። ወደ ማታ መለሰላት፦ «ጎበዝ። ሰኞ ስመለስ እናየዋለን።»

ወደ ተረኛው ሐኪም ሄደች። ወጣት ልጅ ነው፤ ከዶክተር ወንድማገኘሁ ሥር የሚሠራ፣ ነገ ከነገ ወዲያ ለትምህርት የሚልከው እሱ ስለሆነ የጫማውን ድምፅ እንኳ የሚያከብር። ክፍሉ ውስጥ ወንበሩን ወደ ኋላ አጋድሞ በክብሪት እንጨት ጆሮውን እየኮረኮረ ነበር። ስትነግረው እንጨቱን አወጣ፣ ጫፉን በብርሃን አየው፣ በሱሪው ጠረገው።

«የሰው በሽተኛ አልነካም» አለ።

«የማን ሰው? ሰውየው እኮ የራሳቸው ናቸው።»

«አይ እፀዬ፣ እሱ ያዘዘውን እኔ ስለውጥ ምን ይባላል? ሁለት ቀን ነው። በሁለት ቀን ምን ይመጣል?»

እንጨቱን መልሶ ከተተው። እፀገነት በሩን ዘግታበት ወጣች።

ቅዳሜ ጠዋት ከፈርሂያ ጋር መከሩ። ፈርሂያ ደፋር ናት፤ ሐኪም ብትፈራም አላህን የበለጠ ትፈራለች። «ዝም ብለን እንዝለለው» አለች። «ሌላውን መርፌ እሰጣለሁ፣ ያንን እተዋለሁ። ማን ያውቃል?»

ለቤተሰቡ ግን ምንም አልነገሩም። በበሽተኛ ፊት የሐኪም ጥፋት አይወራም፤ ይህ በሆስፒታሉ ከአሥርቱ ትእዛዛት ቀጥሎ ያለ ነው። ስህተታቸውም እዚህ ላይ ነበር። የመሪጌታ ባለቤት ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ከአልጋው ሥር ሰሌን አንጥፈው ሰነባብተዋል፤ ፊደል ባይቆጥሩም የመርፌ ሰዓት ከማንም በላይ ያውቃሉ። በዚህ አገር ደግሞ ክኒን የሚያስታምም፣ መርፌ የሚያድን ነው። መርፌው ሲቀር ከሰሌናቸው ተነሱ።

«ልጄ፣ አንዲቱ መርፌ ቀረች።»

«አይ እማማ፣ ዛሬ አታስፈልግም» አለች ፈርሂያ።

«ትናንት አስፈልጋ ዛሬ? ማን ከለከለን? ዶክተሩ ስለሌለ ነው? ዘመድ ስለሌለን ነው?»

«አብሽሩ እማማ…»

«ምን አብሽር ይሉኛል! ሰውየውን ሊገድሉብኝ ነው!» ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ኮሪደሩ መሃል ጮኹ። አስታማሚው ሁሉ ከየክፍሉ ብቅ አለ። ከአቀስታ የመጣ አንድ ገበሬ «የደሃ መድኃኒት ይሰርቃሉ እኮ» ሲል፣ ሌላው «አሁንማ ሸጠውት ይሆናል» አለ።

ተረኛው ሐኪም ጩኸቱን ሰምቶ መጣ። ስለ ኩላሊት የነገረችው ሁሉ ከአንድ ጆሮው ገብቶ በክብሪት እንጨት ተጠርጎ ወጥቷል መሰለኝ፣ ነገሩን ለማብረድ ብቻ «ስጧቸው፣ ስጧቸው፣ ምንድነው ይሄ!» አለ። ፈርሂያ እፀገነትን አየቻት። የመድኃኒት ቤቱ ቁልፍ እፀገነት ኪስ ውስጥ ነበር። ሁሉም ያያታል፤ ሌባ ያሏት ዓይኖች ሁሉ። ሄደች፣ ከፈተች፣ ብልቃጡን አመጣች፣ በገዛ እጇ ለፈርሂያ ሰጠች።

ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ መርፌው ሲገባ እያዩ መሬቱን ሳሙ። «ተመስገን» አሉ። የፈርሂያንም እጅ ይዘው ሳሙ፤ ፈርሂያ እጇን እንደተቃጠለ ሰው መነጨቀች።

ከዚያ በኋላ የመጡትም መርፌዎች አልቀሩም። ወደ ማታ መሪጌታ ጆሯቸውን እየነካኩ «ፌንጣ ገባብኝ መሰለኝ፤ ይጮኻል» አሉ። ባለቤታቸው በስልክ መብራት ፈልገው ምንም አጡ፤ ትንሽ ዘይት አሞቁና ጠብ አደረጉላቸው።

እሑድ የጽጌ ማኅሌት ነበር። መድኃኔ ዓለም ከሆስፒታሉ አጥር ቀጥሎ ነው፤ ድምፅ ማጉያው ደግሞ ለምን እንደሆነ እንጃ ወደ በሽተኞቹ የዞረ ነው። እፀገነት ገና ሲነጋጋ ቅዳሴ ሳትሄድ ወደ ክፍሉ መጣች። ከሌሊቱ ጀምሮ የቆመው ማኅሌት ሊጠናቀቅ ነው፤ ተማሪዎቻቸው መምህራቸው ከአጥሩ ወዲህ ተኝተው እንደሚሰሟቸው ስለሚያውቁ ያላቸውን ሁሉ አውጥተዋል። ከበሮው ይደልቃል፣ ጸናጽሉ ይንሿሿል፣ መስታወቱ ሳይቀር ይርገበገባል። መሪጌታ ቀና ብለው ተቀምጠዋል። ፊታቸው ግን ደስ ያለው ሰው ፊት አይደለም።

«ልጆቹ ምን ነካቸው?» አሉ።

«ምነው መሪጌታ?»

ሁለት ጊዜ ደገመችላቸው፤ አፏን ሲያዩ ነው የገባቸው።

«ከበሮ ብቻ ይመታሉ። ዛሬ ጸናጽል የለም እንዴ? ጸናጽል ሳይዙ ነው ለጽጌ የቆሙት?»

እፀገነት በመስኮቱ አየች። ጸናጽሉ በድምፅ ማጉያው እንደ በረዶ እየወረደ ነበር። ቀጥሎ ባለው አልጋ ላይ ያለው በሽተኛ ራሱ «ኧረ ቀንሱት» ብሎ ትራሱን ጆሮው ላይ ጭኗል። ጄንታማይሲን ጆሮን ሲጀምር የሚወስደው ቀጭን ቀጭኑን ድምፅ ነው፤ ወፍራሙን ለጊዜው ይተዋል። ይህንን በመጽሐፍ አንብባዋለች። እንዲህ በጽጌ እሑድ፣ በዜማ መምህር አፍ ሲነገር ታየዋለች ብላ ግን አላሰበችም።

«አለ መሪጌታ» አለች። «ጸናጽሉ አለ።»

አልሰሟትም። ጣታቸውን ጉልበታቸው ላይ እያነሱ እየጣሉ፣ በእግዜር ጆሮ እንኳ የማይሰማ ነገር የሚያዳምጡ ይመስል አንገታቸውን አዘነበሉ።

ያን ጊዜ ነው የቆረጠችው። ወደ መድኃኒት ቤቱ ሮጣ ጄንታማይሲኑን ሁሉ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት፤ ተረኛው ሐኪም መጥቶ በሩን ቢደበድብም «ከፈለግህ ፖሊስ ጥራ» አለችው፣ ሳትንተባተብ። ሴፍትሪያክሶኑን አዘዘ፤ ምን ምርጫ ነበረው? የዓርቡን ነገር እሑድ ሠራችው። የዘገየ ነገር ደግሞ ጀግንነት አይባልም፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። የገባው መድኃኒት ማውጫ አጥቶ ውስጣቸው ተቀምጧልና፣ መርፌው ቢቆምም ሥራውን አላቆመም። ሰኞ የፈርሂያን እርምጃ አልለዩም። ማክሰኞ ከአልጋ ሲወርዱ ወለሉ ተንሸራተተባቸው፤ መቋሚያቸውን ይዘው እንኳ እንደ ጠጪ ወዲያና ወዲህ ተንገዳገዱ። ከዚያ ወዲያ ሰው ሲያናግራቸው ፈገግ ማለት ጀመሩ። ጨዋ ሰው ስለሆኑ፣ ምን እንደተባሉ ሳያውቁ ለሁሉም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ይሄ ፈገግታቸው ነው እፀገነትን እንቅልፍ የነሳት።

ዶክተር ወንድማገኘሁ ከደሴ የተመለሰው የስልጠናውን ቦርሳ አንግቶ ነው፤ ቦርሳው ላይ «መድኃኒትን በአግባቡ» የሚል ተጽፎበታል። መሪጌታን አየ። ገና ሲያያቸው ገባው፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ለትንሽ ጊዜ ሰው ሊሆን ነው ብላ እፀገነት ተስፋ አድርጋ ነበር። ከዚያ ፊቱ ተመለሰ፤ «መቼም የሽማግሌ ጆሮ ይከብዳል» አለ።

«ዓርብ የእርምጃ ድምፅ ይለዩ የነበሩ ሰው!» አለች ፈርሂያ።

«አንቺ ደግሞ ዝም በይ።»

እፀገነት የሆነውን እንደሆነ ጽፋ ለሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ ለአቶ ፈንታሁን ሰጠች። የጠየቀችው ቀላል ነገር ነው፦ ኩላሊቱ ሳይመረመር ማንም ሰው ይህ መድኃኒት አይቀጠልለት፤ መመርመሪያው ካለቀ ሌላ መድኃኒት ይመረጥ፤ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው መጠኑ ተሰልቶ ሁለት ባለሙያ ሳይስማማበት ከመድኃኒት ቤት አይውጣ። አቶ ፈንታሁን ወፍራም፣ ላብ የማያጣው፣ ነገር ሲመጣ መሐረብ የሚያወጣ ሰው ነው። አነበበው፤ አጠፈው፤ መሐረቡን አወጣ።

«ይሄማ ሐኪሙን መናቅ ነው።»

«በሽተኛውን መናቁስ?»

«እፀገነት፣ እህቴ፣ በር ላይ ስንት ተማሪ እንደቆመ አይተሻል? የመሪጌታቸውን ጆሮ ሆስፒታሉ ወሰደው ቢባል ምን ይነሳል? ነገሩ በእርቅ ይለቅ። ሽማግሌ ልኬያለሁ። ይቅር ካሉ አለቀ፤ ወረቀትም አያስፈልግም።»

«ነገ ሌላ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ቢተኛስ?»

«ለነገው እግዜር አለ» አለና ላቡን ጠረገ። የእግዚአብሔርን ስም እንዲህ መሐረብ አድርጎ የሚጠቀምበት ሰው አይታ አታውቅም። ከቢሮው ወጥታ ቧንቧው ጋ ሄዳ እጇን ታጠበች፤ ምንም አልነካችም ነበር።

እርቁ የተደረገው በዚያው ሳምንት፣ መስኮቱ ጋ ባለው አልጋ ዙሪያ ነው። የሽማግሌዎቹ መሪ አቶ ዋለ ናቸው፤ የሆስፒታሉ ቦርድ አባል፣ የከተማው አስታራቂ፣ ምላሳቸው ቅቤ የተቀባ። ዶክተር ወንድማገኘሁ ከግርጌ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። እውነቱን ለመናገር አፍሯል፤ ዓይኑ ቀልቷል። እፍረቱ ግን አፍ አልነበረውም። አቶ ፈንታሁን መሐረቡን ይዞ በሩ ጋ ነው። እፀገነት እንድትመጣ የተደረገው አብራ ይቅር እንድትባልና አብራ ዝም እንድትል ነው።

አቶ ዋለ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለቅሶ ቤት እንደሚነገረው አድርገው ጀመሩ። «አባታችን፣ አንቱ የሃይማኖት አባት ነዎት። ሰው ሆኖ የማይሳሳት፣ እንጨት ሆኖ የማይጨስ የለም። ልጆችዎ ናቸው፤ ሊያድኑ ብለው ነው። ፈተናውም የመጣው ከላይ ነው። እግዚአብሔር የፈቀደውን ሰው አይመልሰውም። ለመድኃኔ ዓለም ብለው ይቅር ይበሉ።»

መሪጌታ አቶ ዋለን አዩ፤ ፈገግ አሉ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ተመስገን!» አሉ አቶ ዋለ። «ይቅር አሉ! ድሮስ ከእሳቸው ምን ይጠበቃል?» ሌሎቹ ሽማግሌዎች «ይስጥልን» እያሉ ተነሱ። አቶ ፈንታሁን መሐረቡን ወደ ኪሱ ከተተ።

ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ከሰሌናቸው ቀና አሉ። «ምኑን ነው ይቅር ያሉት?»

አቶ ዋለ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

የማይሰማ ሰው አንገቱን ስለነቀነቀ ብቻ ይቅርታ ተወሰደበት! ሌባስ ቢሆን የተኛ ሰው ኪስ ሲገባ በጨለማ ነው። እፀገነት ከጠረጴዛው ላይ የመርፌ ካርቶን አነሳች፤ ቀደደችው፤ ከፈርሂያ ደረት ኪስ እስክሪብቶ መዝዛ በትልልቁ ጻፈች፤ እየጻፈችም ሴትዮዋ እንዲሰሙ ጮክ ብላ አነበበች።

«ጆሮዎን የወሰደው በሽታው አይደለም። እኛ ነን። ኩላሊትዎ የማይችለውን መድኃኒት ያለ ልኩ ሰጠንዎት።»

«እፀገነት!» አለ ዶክተር።

ካርቶኑን ሰጠቻቸው። መሪጌታ ዓይናቸውን አጥብበው፣ ድርሳን እንደሚያነቡ ሆነው፣ እያንዳንዱን ቃል በጣታቸው ተከተሉ። ፈገግታው ከፊታቸው ላይ ቀስ ብሎ ሄደ። ያ የሄደው ፈገግታ አስፈሪ ነበር፤ ሰውየው ከፈገግታው ጀርባ ምን ያህል ብቻቸውን እንደቆዩ ያን ጊዜ ነው የታየው።

ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ግን ከእሳቸው ቀድመው ተረድተው ነበር። «መርፌዋ ናት?» አሉ። «ያቺ ቅዳሜ የቀረችው መርፌ?» እፀገነት ራሷን ነቀነቀች። ሴትዮዋ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «እኔ ነኝ እኮ ይሰጣቸው ብዬ የጮህኩት! ምነው አንዲት ቃል ብትነግሩኝ? ምነው ልጄ?»

ፈርሂያ ወደ ግድግዳው ዞረች።

መሪጌታ ካርቶኑን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ሲናገሩ ድምፃቸው ከፍ ብሎ ወጣ፤ የራሱን ድምፅ የማይሰማ ሰው ልኩን አያውቅምና ኮሪደሩን ሞላው።

«መቼ አወቃችሁ?»

እፀገነት እስክሪብቶውን አነሳች። «ዓርብ» ብላ ጻፈች። ጽፋም አላበቃችም፤ ካርቶኑን መልሳ ወስዳ «እኔ አውቄ ነበር» የሚል ጨመረችበት።

መሪጌታ አነበቡት። ዶክተሩን አላዩትም፣ ሽማግሌዎቹንም አላዩ። እሷን ብቻ አዩ።

«እኔ ዕድሜዬን ማኅሌት ላይ ቆሜያለሁ» አሉ፣ በዚያው ከፍ ባለ ድምፅ። «ዜማ ሲሰበር ዝም ብሎ ማሳለፍ በእኛ ቤት ኃጢአት ነው። ቄስ ይሁን፣ አለቃ ይሁን፣ የሳተ ሰው እዚያው፣ በሕዝቡ መሃል ‹ይመለስ› ይባላል፤ ከበሮው ይቆማል፣ ከሳተበት ይጀምራል። አንድ ጊዜ መካነ ሰላም አጠገብ ለንግሥ የመጡ ጳጳስ ሳቱ። አስቆምኳቸው። ጳጳሱን! ሕዝቡ ሁሉ ሊውጠኝ ደረሰ። እሳቸው ግን ተመልሰው ከመጀመሪያው አነሱት። ለአንድ ቃል ዜማ ነው ይሄ፤ ሰው የማይሞትበት፣ ጆሮ የማይጠፋበት።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «አንቺ ልጄ፣ ከዓርብ እስከ እሑድ ማንን አፍረሽ ነው?»

እፀገነት እስክሪብቶውን ካርቶኑ ላይ አስቀመጠች። ከበሩ ውጭ አስታማሚዎቹ ተሰብስበዋል፤ ከአጥሩ ወዲያ ያሉት ተማሪዎች የመምህራቸውን ድምፅ ሰምተው ወደ አጥሩ ተጠግተዋል።

አቶ ፈንታሁን መሐረቡን እንደገና አወጣ፤ ወደ አልጋው ጠጋ ብሎ ጎንበስ አለ።

«አባታችን» አለ፣ «ኧረ እባክዎ ቀስ ብለው ይናገሩ፤ ሰው ይሰማል።»

መሪጌታ አልሰሙትም።